ፎቶውን ማን ይምረጠው፦ ስልኩ፣ ላይኩ፣ ፕሮግራሙ ወይስ ሰው?

በጥር ወር ጎንደር ውስጥ ፎቶ ማንሳት ቀላሉ ሥራ ነው። ጥር 11 ቀን ማለዳ በፋሲለደስ መዋኛ ዙሪያ ከሚቆመው ሕዝብ መካከል ስልኩን ከፍ አድርጎ ያልያዘ ሰው ማግኘት ያስቸግራል። ጥምቀት ሲያልፍ ሰርጉ ይከተላል፤ ከቤተ ክርስቲያን እስከ አዳራሽ፣ ከአዳራሽ እስከ መልስ ካሜራ አይዘጋም። ጭንቁ የሚጀምረው ማታ ነው። ከተከማቸው ምስል ውስጥ የትኛው ይቀመጥ፣ የትኛው ይጣል? የትኛው ለሕዝብ ይታይ፣ የትኛው ግድግዳ ላይ ይሰቀል?

ቀድሞ ይህን የሚወስነው ፎቶ አንሺው ነበር። ፊልም ውድ ስለነበረም ከምርጫው አብዛኛው የሚያልቀው ገና ካሜራው ሳይነካ ነው። ዛሬ በፎቶ አንሺውና በፎቶው መካከል ሌሎች ዳኞች ገብተዋል። ስልኩ ራሱ ይመርጣል፤ ማኅበራዊ ሚዲያው በላይክ ይመርጣል፤ ውበትን በነጥብ እንለካለን የሚሉ ፕሮግራሞች መጥተዋል፤ ሰውም ገና አለ። ይህ ጽሑፍ ከእነዚህ የትኛውን መቼ መስማት እንደሚሻል ያነጻጽራል። አቋሜን ከወዲሁ ልናገር፦ ከአራቱ አንዱንም ከደጅ አልመልስም፤ ነገር ግን ለምን እንደመረጠ መናገር የማይችል ዳኛ የመጨረሻውን ቃል እንዲሰጥ አልፈቅድም።

ስልኩ

ብዙ ሰው ስልኩን እንደ ዳኛ አይቆጥረውም፤ ያየውን የሚያስቀምጥ ዕቃ ይመስለዋል። የዛሬ ስልክ ግን አንድ ጊዜ ሲነኩት በርከት ያሉ ምስሎችን በተከታታይ አንስቶ ያዋህዳል። ጥላውን ያደምቃል፣ የነጣውን ሰማይ ያወርዳል፣ ፊትን ለይቶ ያበራል፣ አንዳንዱም ሳይጠየቅ ቆዳን ያለሰልሳል። ፎቶው ዓይንዎ ፊት ሲደርስ በርካታ የውበት ውሳኔዎች አልቀው ነው። ውሳኔዎቹም የራሳቸው ጣዕም አላቸው፦ ሁሉም ነገር እኩል ይታይ የሚል።

ይህ ጣዕም የሚጠቅምበት ቦታ አለ። በቀትር ፀሐይ ከግንቡ በር ሥር የቆመን ሰው ፊትም ከኋላው ያለውን ግቢም አንድ ላይ ማሳየት ለድሮ ካሜራ ፈተና ነበር፤ ለስልክ ምንም አይደለም። ደብረ ብርሃን ሥላሴ ውስጥ ግን ነገሩ ይገለበጣል። ጣሪያውን የሞሉት የመላእክት ፊቶች ከውጭ ለገባ ሰው ወዲያው አይታዩትም። ዓይን ጨለማውን እስኪለምድ ጥቂት ይቆያል፤ ከዚያ በኋላ ፊቶቹ አንድ በአንድ ይመጣሉ። የስልኩ የማታ ማንሻ ይህን ሁሉ ሰርዞ ጣሪያውን ከዳር እስከ ዳር እኩል አብርቶ ያወጣዋል። ሥዕሉን ለሚያጠና ሰው ትልቅ ስጦታ ነው፤ እዚያ ቤት ውስጥ መቆም ምን እንደሚመስል ማሳየት ለሚፈልግ ግን ቤቱ ከፎቶው ወጥቷል። ከጎሐ ኮረብታ ላይ ሆነው ከተማዋን ሲመሽ ለማንሳት የሞከሩ ሰዎችም ተመሳሳይ ነገር ይገጥማቸዋል፤ ስልኩ የመሸበትን ሰዓት መልሶ ከሰዓት በኋላ ያደርገዋል።

የነጠላና የፊት ጉዳይ ደግሞ ለብቻው ይታይ። ነጭ የለበሰ ሕዝብ በፀሐይ ውስጥ ሲቆም የካሜራው መለኪያ ብርሃኑ የበዛ ይመስለውና ምስሉን በሙሉ ያጠቁራል። ነጠላው ያምራል፣ ፊቱ ይጠፋል። የጠቆረ ፊትን አሳንሶ ማየት በፎቶግራፍ ዓለም አዲስ አይደለም። በፊልም ዘመን ኮዳክ ለማጠቢያ ቤቶች የቀለም ማመሳከሪያ አድርጎ ይልከው የነበረው ካርድ ለረጅም ጊዜ የነጭ ሴት ፎቶ ነበር፤ የሌላው ሰው ቆዳ የሚመዘነው ከእርሷ አንጻር ነው ማለት ነው። ጎግል በስልኩ ካሜራ የጠቆረ ቆዳን በትክክል ለማሳየት የተለየ ሥራ ሠራሁ ብሎ ያቀረበው እ.ኤ.አ. በ2021 ነው። መሻሻል አለ፤ ቢሆንም ስልክዎ የትኛውን ዓይነት ሥልጠና እንዳገኘ አያውቁም። መፍትሔው አጭር ነው፦ ስክሪኑ ላይ ፊቱን ይንኩ፣ ብርሃኑን በጣትዎ ከፍ ወይም ዝቅ ያድርጉ፣ ከዚያ ያንሱ። ነጠላው ጥቂት ቢነጣ ማንም አይከስዎትም።

ላይኩ

ኢንስታግራም እ.ኤ.አ. በ2016 ፎቶዎችን በተለጠፉበት ሰዓት ቅደም ተከተል ማሳየቱን ትቶ፣ ተጠቃሚው ይወደዋል ብሎ በሚገምተው ቅደም ተከተል ማሳየት ጀመረ። ይህን ማወቅ ላይክን ለማንበብ ቁልፍ ነው። ሰዎች ፎቶዎን ዓይተው ከመፍረዳቸው በፊት አልጎሪዝሙ (ቅደም ተከተሉን የሚያወጣው የኮምፒውተር ስሌት) ለማን እንደሚያሳየው ፈርዷል። ጥቂት ላይክ ያገኘ ፎቶ ያልተወደደ ሊሆን ይችላል፤ ያልታየም ሊሆን ይችላል። ቁጥሩ ሁለቱን አይለይም። ድርጅቱ ራሱ እ.ኤ.አ. በ2021 የላይክ ቁጥርን መደበቅ ለሚፈልግ ሰው አማራጭ መስጠቱ ቁጥሩ ምን ያህል ጭንቅላት ውስጥ እንደሚገባ ያሳያል።

የላይክ ትልቁ ጉዳት ከምርጫው በኋላ ሳይሆን ከማንሳቱ በፊት ይደርሳል። የፋሲል ግቢን ፎቶ ኢንተርኔት ላይ ይፈልጉ፦ የአፄ ፋሲል ቤተ መንግሥት፣ በአራት ማዕዘኑ ጉልላት ያላቸው ማማዎች፣ ከፊት ለፊቱ ሣር፣ ሰማያዊ ሰማይ። ደግመው ይፈልጉ፤ ያው ነው። የሚቀጥለው ጎብኚም ያንን ዓይቶ ይመጣና እዚያው ቆሞ ያነሳል። እ.ኤ.አ. በ1979 በዩኔስኮ የዓለም ቅርስነት የተመዘገበው ግቢ ግን 900 ሜትር ርዝመት ባለው ግንብ የታጠረ ነው። ውስጡ ጣሪያው የሄደበት የአፄ ኢያሱ ቤተ መንግሥት አለ፣ የአፄ ዳዊት የዘፈን አዳራሽ አለ፣ የአፄ በካፋና የእቴጌ ምንትዋብ ሕንፃዎች አሉ፣ የአንበሶቹ ቤት አለ። እነዚህ ላይክ የማያገኙት ውበት ስለሌላቸው አይደለም። ሰው ማየት የለመደው ምስል ስለሌላቸው ነው። አልጎሪዝም የተወደደውን የሚመስለውን ያቀርባል፤ ፎቶ አንሺው ደግሞ የሚቀርበውን ያነሳል፤ እንዲህ እየተደጋገፉ አንድን ግቢ ወደ አንድ ማዕዘን ያጠቡታል።

በማዕቀፉም ላይ እጁን ያስገባል። ትዊተር ረዣዥም ፎቶዎችን በገጹ ላይ ቆርጦ የሚያሳየው በአልጎሪዝም ነበር፤ እ.ኤ.አ. በ2020 ተጠቃሚዎች ነጭ ፊቶችን እየመረጠ ጥቁሮቹን ይቆርጣል ሲሉ ከሰሱት። ኩባንያው በራሱ ፈተሸና በቀጣዩ ዓመት ውጤቱን አወጣ፦ ከጥቁሮች ይልቅ ለነጮች 4 በመቶ፣ ከወንዶች ይልቅ ለሴቶች 8 በመቶ ያህል ያደላ ነበር። በዚያው ዓመትም መቁረጡን ትቶ ፎቶውን እንዳለ ማሳየት ጀመረ። ለእርስዎ የሚተርፈው ምክር፣ ፎቶ ከመለጠፍዎ በፊት የት ላይ እንደሚቆረጥ ራስዎ ይወስኑ። ታቦት አጅበው የሚወርዱ ካህናትን በጎን ሰፋ አድርገው አንስተው ለቁመት ገጽ ብሎ ማሽን ሲቆርጠው፣ ከሰልፉ አንድ ድባብና ግማሽ ሰው ይቀርልዎታል።

ይህን ሁሉ ብዬ ላይክን ልንቀው አልችልም። ሆቴል ወይም የጉብኝት ሥራ ያለው ሰው ፎቶ የሚለጥፈው ዓይን ለመሳብ ነው፤ ዓይን መሳቡን ከላይክ የተሻለ በርካሽ የሚነግረው የለም። ከላይክም የበለጠ የሚነግረው ፎቶውን ዓይቶ መልእክት የላከው ሰው ቁጥር ነው። ንግድ ከሆነ በዚህ ይመዝኑ፣ ነገሩ አለቀ።

ፕሮግራሙ

እዚህ ጋር ሁለት የተለያዩ ነገሮች በአንድ ስም ይሸጣሉ። አንደኛው የጥራት ማጣሪያ ነው፦ የደበዘዘውን፣ ዓይን የተከደነበትን፣ ከሌላው ጋር የሚመሳሰለውን ለይቶ ያወጣል። ሁለተኛው ለውበት ነጥብ ይሰጣል። ገዢው ሁለቱን ለይቶ ካልያዘ ገንዘቡም ፎቶውም ይሄድበታል።

የውበት ነጥቡ ከየት ይመጣል? በዘርፉ ብዙ የተሠራበት አንድ የምስል ስብስብ አለ፤ እ.ኤ.አ. በ2012 የቀረበ፣ ከ250 ሺህ በላይ ፎቶዎችን የያዘ። ፎቶዎቹ የተወሰዱት ከአንድ የፎቶ ውድድር ድረ ገጽ ሲሆን፣ የድረ ገጹ አባላት ከ1 እስከ 10 ነጥብ የሰጡባቸው ናቸው። የጎግል ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ2017 ያቀረቡት ዘዴም በዚህ ዓይነት ድምፅ የሠለጠነ ነው፤ አዲስ ፎቶ ሲያይ ሰዎች ምን ያህል ይሰጡት እንደነበር ይገምታል። ስለዚህ ማሽኑ «7» ሲል ፎቶው ያምራል ማለቱ አይደለም። እነዚያ ሰዎች፣ በዚያ የውድድር መንፈስ፣ ይህን የሚመስል ፎቶ ቢያዩ ወደ 7 ይሰጡት ነበር ማለቱ ነው። ድምፅ ሰጪዎቹ ጥምቀትን አያውቁትም፤ ጥፋታቸውም አይደለም። ተመሳሳይ ነጥብ ሰጪዎች ምስል የሚያመነጩ የሰው ሠራሽ አስተውሎት ሥርዓቶች የሚሠለጥኑበትን ምስል ለማጣራትም ውለዋል፤ የዚያ ጣዕም ልጆች አሁን በየስክሪኑ እየተወለዱ ነው ማለት ይቻላል።

የጥራት ማጣሪያው ከነጥብ ሰጪው ይልቅ ታማኝ አገልጋይ ነው፤ ግን ጎንደር ላይ ሦስት ጊዜ ይሰናከላል። መጀመሪያ በተከደነ ዓይን። መዘምራኑ መቋሚያና ጸናጽል ይዘው ወረብ ሲወርቡ ዜማው ከፍ ያለበት ቅጽበት ላይ ዓይን ይከደናል። አያት ሙሽራዋን ሲመርቁም ዓይናቸውን ጨፍነው ነው። ማሽኑ ይህን ሁሉ ብልሽት ብሎ ወደ ቆሻሻው ይልከዋል። ቀጥሎ በደበዘዘ ነገር። እስክስታ ውስጥ ትከሻው ጥርት ብሎ ከተያዘ ሰውየው የቆመ ይመስላል፤ ጥቂት መደብዘዙ ጭፈራው ነው። ሦስተኛው የዕጣን ጭስ ነው። ጭሱ የምስሉን ጥራት ስለሚያወርድ ፎቶው ዝቅ ያለ ቦታ ያገኛል፤ ከቅዳሴ ፎቶ ላይ ጭሱን ካወጡት ምን እንደሚቀር እርስዎ ያስቡት።

ፊት የሚለዩ ፕሮግራሞችንም ሳይፈትሹ አይመኑ። ተመራማሪዎቹ ጆይ ቡዎላምዊኒና አዲስ አበባ የተወለደችው ትምኒት ገብሩ እ.ኤ.አ. በ2018 ባወጡት ጥናት፣ ፆታን ከፊት የሚለዩ የንግድ ሥርዓቶች በጠቆሩ ሴቶች ላይ እስከ 34.7 በመቶ ሲሳሳቱ፣ ቀላ ባሉ ወንዶች ላይ ስሕተታቸው ከ1 በመቶ አይበልጥም ነበር። ጥናቱ ስለ ፎቶ ምርጫ አይደለም፤ ሥርዓቶቹም ከዚያ ወዲህ ተሻሽለዋል። ቢሆንም የእንግዶችን ፊት እየለየ አልበም የሚደረድር ፕሮግራም የሚገዛ ፎቶ ቤት በፈረንጅ ሰርግ ማሳያ ሳይሆን በራሱ የሰርግ ፎቶ ፈትኖ ይግዛ።

ስለ ወጪው ባጭሩ፦ ብዙዎቹ ክፍያ የሚጠይቁት በዶላር፣ በዓለም አቀፍ ካርድና በየወሩ ነው። አንዳንዶቹ ፎቶውን ወደ ራሳቸው ሰርቨር ካልጫኑ አይሠሩም። በአማራ ክልል የሞባይል ኢንተርኔት ለወራት የተቋረጠበትን ጊዜ ያሳለፈ ሰው ሥራውን በኢንተርኔት ብቻ በሚሠራ ነገር ላይ ለማሰር ሁለት ጊዜ ማሰቡ አይቀርም። ኮምፒውተር ላይ ተጭኖ ያለ ኢንተርኔት የሚሠራውን ይምረጡ፤ የሚሰርዝ ሳይሆን ምልክት ብቻ የሚያደርግ እንዲሆን አስተካክሉት፤ ለቤተ ክርስቲያን ፎቶ የተከደነ ዓይን ማጣሪያውን ያጥፉት።

ሰው

ሰውን ከማሽን ጋር ስናነጻጽር ሰውን ማሳመር ይቀናናል። ጎንደር ውስጥ ፎቶ አሳይቶ ሐሳብ የጠየቀ ግን እውነቱን ያውቃል፦ «ቆንጆ ነው፣ እግዚአብሔር ይስጥህ» ይባላል። ይሉኝታ አለ። ማሽን ይሉኝታ የለውም፤ ይህ በእርግጥ አንድ ብልጫው ነው። ይሉኝታን ለማለፍ የማውቀው ዘዴ ጥያቄውን መቀየር ነው። «እንዴት ነው?» ብለው አይጠይቁ። ሁለት ፎቶ ጎን ለጎን አስቀምጠው «አንዱን ልጥለው ነው፣ የትኛውን ልጣል?» ይበሉ። ሰው ማሞገስ ሲከለከል መፍረድ ይጀምራል። ከዚያ «ለምን?» ብለው ያስከትሉ፤ ዋጋ ያለው ነገር ያለው እዚያ ነው።

የቅኔ ቤት ልማድ እዚህ ይጠቅመኛል። ተማሪው ቅኔውን ለመምህሩ ያቀርባል፤ መምህሩ ሲጥማቸው «ይበል» ይላሉ፤ ሲጎድል ግን የት እንደጎደለ ያሳዩታል፤ ቤቱ ሳይመታ የቀረበትን፣ ሰሙ ወርቁን ያልተሸከመበትን ቦታ ይነግሩታል። ተማሪውም ይመልሳል፣ ይከራከራል። ጀርመናዊው ፈላስፋ ካንት እ.ኤ.አ. በ1790 ስለ ውበት ፍርድ የጻፈው ከዚህ ብዙ አይርቅም፦ «ይህ ያምራል» የሚል ሰው ለራሴ ጣመኝ ማለቱ ብቻ አይደለም፤ ሌላውም እንዲስማማ ይጠይቃል፣ ግን በሕግ ሊያስገድደው አይችልም። ስለዚህ ማሳየት፣ ማስረዳት፣ መከራከር አለበት። 6.8 ከሚል ቁጥር ጋር እንዴት ይከራከራሉ?

ሰው ሲባልም አንድ ዓይነት አይደለም። የሙሽራዋ እናት የሚመርጡት ማን እንዳለበት ዓይተው ነው፤ ከገጠር የመጡት አጎት ያሉበት አንድ ፎቶ ቢደበዝዝም አልበሙ ውስጥ ይገባል፣ ትክክልም ናቸው። ያ ሰው ማን እንደሆነ የሚያውቅ አልጎሪዝም የለም። ሙሽራዋ ፊቷን ታያለች። የሙያ ባልደረባ ብርሃኑን፣ አቋቋሙንና በማዕቀፉ ጫፍ የገባውን የጄነሬተር ሽቦ ያያል። አዛውንቶች ደግሞ የፎቶ ቤት ዘመንን ወግ ይዘዋል፦ ቀጥ ብሎ መቆም፣ ፊት ለፊት ማየት፣ አለመሳቅ። ወጣቱ ይህን ደረቅ ይለዋል። እኔ ግን እየሳቁ ከተነሱት ከብዙዎቹ ይልቅ እነዚያ ፎቶዎች ረዘም ላለ ጊዜ እንደሚታዩ አምናለሁ፤ ሰውየው ለፎቶው ራሱን አዘጋጅቶ መጥቷልና።

የራስን ዓይን አልረሳሁትም፤ የሚያስፈልገው ጊዜ ብቻ ነው። የጥምቀትን ፎቶ በጥምቀት ማታ የሚመርጥ ሰው የሚመርጠው ቀኑን ነው፤ መገፋፋቱ፣ ውኃው ሲረጭ የተሰማው ጩኸት ገና ከእርሱ ጋር ናቸው፣ ከፎቶው ውስጥ ግን የሉም። ጥቂት ሳምንት አቆይቶ፣ በትንንሹ አሳትሞ፣ ጠረጴዛ ላይ ዘርግቶ ማየት ብዙ ነገር ይለውጣል።

የትኛው ለየትኛው

ለሰርግ አልበም ፕሮግራሙን አስቀድሙት፤ ግን የተደጋገሙትንና የለየላቸውን ብልሽቶች እንዲለይ ብቻ። ሥራው ሳይጀመር ከቤተሰቡ ጋር ተቀምጠው መቅረት የሌለባቸውን ሰዎች ስም ይጻፉ፤ ይህ ዝርዝር ከማንኛውም ነጥብ ይበልጣል። የቀረውን ፎቶ አንሺው ይምረጥ፣ ሙሽሮቹ ያጽድቁ።

ለሆቴልና ለጉብኝት ማስታወቂያ ላይክና መልእክት ይፍረዱ፤ አልፎ አልፎ ያልተለመደ ማዕዘን እየጨመሩ ይፈትኑ እንጂ። ለእናት ፎቶ እናት ትፍረድ። ለበዓል ፎቶ፣ ዘንድሮን ለሚመጣው ትውልድ ላስቀምጥ ካሉ፣ ማሽኑን ጨርሶ አያስገቡት፤ ሥርዓቱን የሚያውቅ ሰው አብሮዎት ይቀመጥ። የጥምቀት በዓል እ.ኤ.አ. በ2019 በዩኔስኮ የማይዳሰስ ቅርስ ተብሎ ከተመዘገበ ወዲህ ፎቶው ሰነድ ጭምር ነው፤ ሰነድን ደግሞ በውበት ብቻ መምረጥ ይከብዳል።

ውድድር ለብቻው ነው። እ.ኤ.አ. በ2023 ጀርመናዊው ቦሪስ ኤልዳግሰን በሶኒ የዓለም ፎቶግራፍ ሽልማት በአንድ ዘርፍ ካሸነፈ በኋላ ምስሉ በሰው ሠራሽ አስተውሎት የተፈጠረ ነው ብሎ ሽልማቱን አልቀበልም አለ። በቀጣዩ ዓመት ፎቶ አንሺው ማይልስ አስትሬይ በተቃራኒው በሌላ ውድድር ለሰው ሠራሽ አስተውሎት ምስሎች በተከፈተ ዘርፍ እውነተኛ የፍላሚንጎ ፎቶ አስገብቶ ካሸነፈ በኋላ ተሰረዘበት። የሰው ዳኛም በዓይኑ ብቻ መለየት እንዳቃተው ስለታየ፣ አሁን ማስረጃ መጠየቅ እየተለመደ ነው፤ ወርልድ ፕሬስ ፎቶ የተባለው የዜና ፎቶ ውድድር ለመጨረሻው ዙር የደረሱትን ሰዎች ከካሜራው የወጣውን ዋና ፋይል ይጠይቃል። ስልኩ አዋህዶና አሳምሮ ያስቀመጠውን ብቻ የያዘ ሰው እዚያ ላይ ይቸገራል። ስልክዎ ጥሬ ፋይል (ገና ያልተሳመረውን ምስል) የማስቀመጥ ምርጫ ካለው የሚያበሩት ጠዋት ወደ መዋኛው ከመሄድዎ በፊት ነው፤ ማታ ማብራት አይጠቅምም። ፋይሉ ትልቅ ስለሆነም ከዋዜማው የስልኩን ማከማቻ ያስለቅቁ።